የቀይዋ መኪና ቀኝ በር

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

«ክቡር ደንበኛችን፦ ባለፈው ቅዳሜ ግቢያችንን ስለጎበኙ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ከእንግዲህ ለመኪና ፍተሻ እርስዎ ራስዎ ባይመጡ እንመርጣለን። ልጅዎ ብቻቸውን ወይም ከሌላ ሰው ጋር ቢመጡ በደስታ እናስተናግዳቸዋለን። የሽያጭ ክፍል።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ በስልኬ የገባልኝ ይህ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የጸሐፊ ስም የለውም። ምክንያት የለውም። «እንመርጣለን» ይላል። እኔ መኪና ልመርጥ ሄጄ እነሱ ደንበኛ መረጡ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ በኋላ ማስረጃ ቢያስፈልግ። ልጄ የውሃ ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የተግባር ልምምድ የደረሳት ከከተማ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ሰኞ ሰኔ 3፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያው አውቶቡስ እዚያ የሚደርሰው ሁለት ተኩል ላይ ነው። በሰዓቱ ያልተገኘ ተማሪ ቦታው ለተከታዩ ያልፋል ይላል ደብዳቤው። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆች ሒሳብ እያስጠናች፣ ቅዳሜና እሑድ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሠራች ያጠራቀመችው አለ። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ ብያለሁ፤ መኪናው በእኔ ምርመራ ካለፈ። ይህ ውል ነው። በእጄ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

እሷ የምትፈልገው ስፖርት መሳይ ነገር ነው። ባለ ሁለት በር፣ ትንሽ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ ኋላው ድንገት የተቆረጠ። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ነዳጅ አይጨርስም ትላለች፤ ልክ ናት። ጎማው ሰፊ ስለሆነ መቀየሪያ ዋጋው ኪስ ያራቁታል እላለሁ፤ እኔም ልክ ነኝ። እስካሁን ሰባት አይተን ሰባቱም ወድቀዋል። ሰባተኛዋ የዚህ ግቢ ቀይ መኪና ናት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ መረመርኳት። የቀለሟ ውፍረት በመላ አካሏ ከ110 እስከ 125 ማይክሮን ነው፤ ቀኝ በሯ ላይ ብቻ 240። ስጠይቀው ሻጩ፣ የቀድሞ ባለቤቷ የአጥር በር ላይ አስጭሯት ተቀብታለች አለ። ሳይጠየቅ መናገር ነበረበት። ወደቀች።

ለጽሑፉ መልስ ሰጥቻለሁ፦ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5

ጽሑፉን ለልጄ አሳየኋት። ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የምንላት፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም። ዛሬ ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ መለሰችልኝ።

«ጨዋ ጽሑፍ ነው እኮ፣ አባዬ።»

ስለ ጨዋነቱ አልጠየቅኳትም። ባለቤቴ ደግሞ ከመጠጥ ቤት የተባረረ ሰው ሰምታ እንደምታውቅ፣ ከመኪና መሸጫ የተባረረ ግን የመጀመሪያዋ እንደሆነ ተናግራ ወደ ጓዳ ገባች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዋ አየሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8

መልስ የለም።

የምመራው የመለኪያ ማረጋገጫ ክፍል ነው። የገበያ ሚዛን፣ የመድኃኒት ቤት ሚዛን፣ የነዳጅ ማደያ መቅጃ፣ ሁሉም በእኛ እጅ ያልፋል። ዛሬ ምክትሌ እኔ ከበሩ ኋላ መቆሜን ሳያውቅ ለቴክኒሻኖቹ ሲያወራ ሰማሁት፦ «ሚዛኑን ራሱን መዝነው መለሱት።» ሳቁ። ስለ ጽሑፉ የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እሱ የፈረመበትን አንድ ሚዛን መልሼ አየሁት። ልክ ነው። ሦስተኛ ጊዜም አየሁት። ልክ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ሁለት አየን። ሰማያዊዋ፦ ፍሪሲዮኗ አልቋል፤ ዘይት የሚያፈሰው ሞተሯ ደግሞ እኛ ከመድረሳችን በፊት ታጥቧል። ወደቀች።

ነጯ፦ የጡረተኛ መምህር መኪና። ትንሽ፣ ባለ ሁለት በር፣ ልጄ እንዳየቻት ዞራ ዞራ የነካቻት። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ትንሽ ነው የተነዳችው ይላል፤ የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ግን እንደ ሳሙና አልቋል። ቁጥሩ ተነክቷል አልኩ። ሰውየው እግራቸው ስለሚጎተት ነው የሚያልቀው አሉ። እኔ ቁጥር ነው የማምነው አልኳቸው። ቁጥሩንም አላመንክ አሉኝ። ቀጥለው፦

«ስማ ወንድሜ፣ መኪና ነው ወይስ ሙሽራ የምትመርጠው?»

«ሙሽራም ብትሆን እጠይቃለሁ።»

«እንግዲያ ሚስትህ እንዴት አለፈች?»

ልጄ የመኪናዋን ጣሪያ ይዛ እስክትንገዳገድ ሳቀች። ይህን ሳቋን ከሰማሁ ቆይቷል።

ሲሸኙን እስከ በር ድረስ ከኋላቸው ሄድኩ። እውነትም ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ። ከፍርዴ አልተመለስኩም፤ ከግቢው ወጥተን ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 20

ትናንት ያለፈች መኪና ተገኘች። ከአሥር አንዷ። ግራጫ፣ ባለ አራት በር፣ የአንዲት ነርስ ንብረት። ቀለሟ እኩል። ዘይቷ ንጹሕ። ጎማዎቿ የአንድ ዓመት ምርት። የሻንሲ ቁጥሯና ሊብሬው አንድ። ከመኪናዋ ሥር ለመግባት ካርቶን አንጥፌ ስተኛ ነርሷ አረጋዊ የወደቁ መስሏት ሮጣ መጣች። ይህም ቢሆን አላናደደኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እጄን ለነርሷ ዘረጋሁ።

ልጄ መሪው ጋ ገብታ ተቀመጠች። መቀመጫውን አላስተካከለችም፤ ስፖኪዮውን አልነካችም። ሞተሩን እንኳ ሳታስነሳ ወረደች።

«አልወደድኳትም።»

«ምኗን?»

«ግራጫ ናት። አራት በር አላት። ሳልነዳትም አውቃታለሁ፣ ስትጠመዝዛት ጀልባ ናት። አባዬ፣ ሦስት ዓመት የለፋሁት የአንተን መኪና ለመግዛት አይደለም።»

የእኔ መኪና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀንም መንገድ ላይ አላቆመችኝም። ይህንኑ ነገርኳት።

«አንተ ግን እኔን መንገድ ላይ አቁመኸኛል» አለች።

ነርሷ ወደ ቤቷ ገባች። ሰው ሲጣላ አጠገብ አለመቆም ጥሩ አስተዳደግ ነው።

ስንመለስ በውላችን መሠረት መኪናዋ አልፋለች አልኩ። ባለቤቴ፣ ውሉ አባት የጎደለውን ይሞላል እንጂ መኪናውን እሱ ይነዳል ይላል ወይ ብላ ጠየቀች። ማቀዝቀዣው ላይ ሄጄ አነበብኩት። ስለሚነዳው ሰው ምርጫ ምንም አይልም። ሲጻፍ አልታሰበም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

ፌንጣ ራት ላይ የለችም። ፈተና አለባት። ትናንትም ፈተና ነበረባት።

መንገድ ላይ አቁመኸኛል ያለችው የዛሬ ሁለት ዓመቱን ነው። መንዳት ሳስተምራት አደባባይ ስትገባ ስፖኪዮ አላየችም። ዳር እንድትይዝ፣ ሞተር እንድታጠፋና ስህተቷን በቃሏ እንድታስረዳ አደረግኩ። ዳር ያልኩት በቂ ዳር አልነበረም፤ ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስተኛውን እያለቀሰች ነው ያለችው፤ ግን በትክክል ነው ያለችው። በሳምንቱ በራሷ ገንዘብ የመንጃ ትምህርት ቤት ተመዘገበች።

ስፖኪዮውን በተመለከተ ልክ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ አስቤው አላውቅም ብዬ ልጽፍ ነበር። አስቤዋለሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ግቢው ዝም ብሏል። ደወልኩ። አንዲት ሴት አንስታ «ሥራ አስኪያጁ መንገድ ላይ ናቸው» አለችኝ። የት መንገድ? እስከ መቼ? እንደምታሳውቀኝ ቃል ገባች። ስሟን ስጠይቅ መስመሩ ተቆረጠ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ዛሬ ማታ ልጄ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንዲት ጓደኛዋ መኪና ልትገዛ ነው። ትንሽ፣ ያገለገለች። አባት የላትም። «ምን ምን ታይ? አንተ ብትሆን ከምን ትጀምራለህ?»

አራት ገጽ ጻፍኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንዲነሳ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ አንድ ነገር እየደበቀ ነው። ፍሪሲዮኑ በሦስተኛ ማርሽ እንዲፈተን። ቺንጋው መሰንጠቁ፣ የራዲያተሩ ውሃ መልኩ፣ ምንጣፉ ሥር እርጥበት መኖሩ። ጭቅጭቅ ሳይሆን ዝምታ ዋጋ እንደሚቀንስም ጨመርኩ፤ ይህን እኔ አልችልበትም፤ ጓደኛዋ ግን ትችል ይሆናል።

የቀለም መለኪያውን እንዳውሳት ጠየቀች። ከነ መያዣው ሰጠኋት። መጀመሪያ ባዶ ብረት ላይ ዜሮ ማድረግን አሳየኋት፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ለክታ አማካዩን ወሰደች፤ እኔ ሳልነግራት። የት ተማርሽ ስላት፣ አሥር መኪና አብሬህ ቆሜያለሁ እኮ አለች።

ዛሬ ስለ ግቢው አላሰብኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

መለኪያው ተወልውሎ ተመለሰ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋ አመጣች። ከ110 እስከ 125። ቀኝ በር 240።

«ጓደኛዬ ትተዋት?»

የበሩ ማጠፊያ ብሎኖች ተፈትተው እንደሆነ ጠየቅኳት። አልተነኩም። የበሩ ጠርዝ ከጎኑ ጋር እኩል ይገጥማል? ይገጥማል። እንግዲያው ቀላል ነው። ግጭት ቢሆን ከሥሩ ስቱኮ ይኖራል፤ ስቱኮ ካለ ንባቡ አምስት መቶን ያልፋል። 240 በፋብሪካው ቀለም ላይ አንድ ጊዜ የተደረበ ነው። ጭረት ነው። ተማሪ ያልተነካ መኪና ልፈልግ ካለች ተመርቃ፣ ሠርታ፣ ጡረታ ትወጣለች። ሌላው ደህና ከሆነ ትውሰዳት፤ ለበሩ ትንሽ ያስቀንሱላት።

ቁጥሮቿን ደግማ አነበበች።

«እርግጠኛ ነህ፣ አባዬ?»

«በጽሑፍ ልስጥሽ?»

«ስጠኝ።»

ጻፍኩ፤ ቀን አደረግኩበት፤ ፈረምኩ። ወረቀቱን ሳታጥፈው ይዛ ወጣች።

ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን እንዴት ያለ ቸር ሰው ነህ» አለች።

ቁጥሩ የማውቀው መሰለኝ። ይሁን እንጂ አንዴ የተደረበበት በር ሁሉ እዚያ አካባቢ ነው የሚያነበው። መኪናዋ ቀይ ናት ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። የምጠይቅበት ምክንያት አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ለግቢው ሁለተኛ ደብዳቤ። በእጅ ሰጥቼ የመረከቢያ ማኅተም አስደርጌያለሁ። በር ላይ ነው የሰጠሁት፤ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ዘበኛው ግቡ ጋሼ አለኝ፤ እንዳልገባ ተጽፎልኛል አልኩት። አፈረ። እሱ ምን በወጣው።

ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አየሁ። ቀይዋ ከነበረችበት የለችም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከታላቅ እህቴ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። «አይ፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም… ቀስ እያለች ትመልስልሻለች…» አየችኝ። ወሬው ወዲያው ወደ እህቴ ጉልበት ዞረ። እህቴ ጉልበቷን አሟት አያውቅም።

አሥራ ሦስት ቀን ቀረ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 24

ብቻዬን ሄጄ አንዲት አረንጓዴ አየሁ። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ልጄ የምትወዳት ዓይነት። የኋላ መብራቷ ተሰንጥቋል፤ ግራ ጎኗ ተቀብቷል። አሳለፍኳት። ፎቶ አንስቼ ለፌንጣ ደወልኩ። አላነሳችም። ደገምኩ። አላነሳችም። ባለቤቱ ቆሞ ይጠብቀኛል። ልጄ ፈተና ላይ ናት አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነው ፈተናው አለኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

የነርሷ ግራጫ ተሸጣለች። እንዲያው ጠይቄ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 1

አምስት ሰዓት ላይ ደጃፋችን ክላክስ ተነፋ። አንዴ፣ አጭር።

ቀይ። ባለ ሁለት በር። ልጄ ወረደች፤ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛለች። ከመንገዱ ማዶ ሆና ነው የተናገረችው፤ ቀድማ ያጠናችው ይመስላል።

«ገዛኋት፣ አባዬ። የጎደለውን አክስቴ አበደረችኝ። አንተ የሞላኸው የለም፤ ስለዚህ ውሉ አልፈረሰም።»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ከእኔ አንድ ነገር ይጠበቅ ነበር። ያልኩት፣ የግራ የፊት ጎማው አየር አንሶታል ነው። ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር።

«እሺ፣ ዛሬውኑ አስሞላለሁ።»

ዞርኳት። ቀኝ በሩ ጋ ስደርስ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ማጠፊያውን አየሁ፤ ጠርዙን በጣቴ ዳበስኩ። እኩል ነው። በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ለእኔ ወንበሩ ዝቅ ይላል፤ ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደረሰ። ሊብሬውን ለማየት ከፊቴ ያለውን ሳጥን ስከፍት አራቱ ገጾቼ እዚያ ነበሩ፤ በፕላስቲክ ተሸፍነው። ከላያቸው ያ የፈረምኩበት ወረቀት። ጠርዙ ላይ በእሷ ጽሕፈት ከእያንዳንዱ ነጥብ ፊት ምልክት ተደርጓል። ሠላሳ ስምንቱም።

ሳጥኑን ዘጋሁት።

«ጓደኛሽስ?» አልኳት።

«ደህና ናት።»

«መኪና አገኘች?»

«አገኘች፣ አባዬ።»

ሌላ አልጠየቅኩም። ማታ ላይ ውሉን ከማቀዝቀዣው አነሳሁት። ማጣበቂያው ቀለሙን ይዞ ወጣ፤ መቀባት አለበት።

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ወጣች። መስኮት ላይ ነበርኩ፤ መብራቱን አላበራሁም። ከመነሳቷ በፊት ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ። ሦስቱንም ስፖኪዮ አየች። መታጠፊያው ላይ ሞተሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ጮኸ፤ ደስ ብሏት ነው።

አሥራ ሁለት ከሃምሳ ሁለት ላይ «ደረስኩ» ብላ ጻፈች። ለእናቷ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

የግቢው መልስ መጣ። በወረቀት፣ በማኅተም፣ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ። ከጉዞ ተመልሰው ሁለቱን ደብዳቤዎቼን አንብበዋል። ይቅርታ ይጠይቃሉ። የሚያዝያ 4ቱ ጽሑፍ የግቢው ውሳኔ እንዳልነበረ፣ ሠራተኛቸው በቤተሰቤ ጥያቄ እንደላከው፣ ለማስረጃም ጥያቄው መያያዙን ይገልጻሉ። ግልጽ ሰው ናቸው። የጠየቅኩትን ምክንያት ሰጡኝ።

አባሪው ይህ ነው፤ ቀኑ ሚያዝያ 2፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከአባቴ ጋር መጥታ የነበረችው ነኝ፣ ቀይዋን ያየነው። መኪናዋን እፈልጋታለሁ፤ እስከ ግንቦት እንዴት ብዬ እንደምገዛት አስባለሁ። አባቴ ግን ተመልሶ ከመጣ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ሁልጊዜ ያገኛል። እባካችሁ እንዳይመጣ እናንተ ጻፉለት፤ በጨዋ ቃል። እኔ ብነግረው ይጎዳል። ከእናንተ ከመጣ ግን ይናደዳል እንጂ አይጎዳም። መናደድ ይችልበታል።»

ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ከዚያ ሁለት የመድኃኒት ቤት ሚዛኖች ፈተሽኩ። ሁለተኛውን እንደገና መሥራት ነበረብኝ፤ ንባቡን ሳልመዘግብ ክብደቱን አንስቼው ነበር። ምክትሌ አየኝ። ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ትናንት ቤት ስገባ ፌንጣ ከጣቢያው ተመልሳ ስለ ማጣሪያ ገንዳዎቹ ስታወራ አገኘኋት። መሐል ላይ ዞራ፣ «ግቢዎቹ መለሱልህ እንዴ?» አለችኝ። ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም።

«እነሱ ምን ይመልሳሉ» አልኳት። «ባለጌዎች።»

ትከሻዋ ወረደ። ቀና ብላ ወሬዋን ቀጠለች።

ዛሬ የላክሁት ደብዳቤ ግልባጭ፦

«ለመኪና መሸጫ ግቢው ሥራ አስኪያጅ።

በሰኔ 5 የጻፉት ደብዳቤና አባሪው ደርሶኛል። አባሪውን ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ወደ እኔ መላክ አልነበረበትም፤ አንዲት ደንበኛ አምናችሁ የጻፈችላችሁ የግል ቃል ነው። በዚህ ጉዳይ ያለኝ ቅሬታ ከፊተኛው ይበልጣል።

ልጄ በዚህ ወር መጨረሻ መኪናዋን ከሽያጭ በኋላ ለሚደረገው ፍተሻ ወደ እናንተ ታመጣለች። የእሷን መልእክት ማየቴ እንዳይነገራት፤ በእርስዎም፣ በሽያጭ ክፍልም፣ በዘበኛውም። ከጠየቀች፣ አባትሽ እስካሁን እንደተናደደ ነው፣ መልስ አልሰጠነውም በሏት። የሚያዝያ 4ቱ እገዳ ይጽና። እኔ አልመጣም።

የቀኝ በሩን ቀለም ማንም እንዳይነካው። እንዳለ ጥሩ ነው።

ከላይ የተዘረዘረው እንደሚፈጸም በስምዎና በፊርማዎ የተረጋገጠ የጽሑፍ መልስ እስከ ዓርብ ሰኔ 14 ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ መሥሪያ ቤቴ ይላክ።»